«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ»፦ አባባሉና የጣና ዳር ጨፌ

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ባጃጅ ውስጥ ነው። ከጎኔ የተቀመጡ ሰውዬ ስልክ ያወራሉ። አንድ ዘመዳቸው ተመርቆ ሥራ ሲያስስ ዓመታት አልፈውታል። «ተወው እባክህ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዘው» አሉ። አንጀቴ አረረ። ለልጁም፣ ለአባባሉም።

ያደግሁት በፎገራ በኩል፣ ጣና ዳር ነው። ሐይቁ ከክረምቱ በኋላ ጢም ይላል። በጋውን ግን ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ለምለም ሣርም ትቶ ይሄዳል። ያ ጨፌ የወል ግጦሽ ነበር፤ የማንም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይነጋገራሉ፦ ይሄኛው ወገን ሣሩ እስኪያገግም ይከልከል፣ ከብቱ ማዶ ይዋል። እረኝነቱም በተራ ነው። አዝመራ ሲነሳ ደግሞ ማሳው ይከፈትና የሁሉም ከብት ከአጨዳ የተረፈውን ይበላል።

ኩበት በእጅ የሚጠፈጠፍ አለ። «ለቀማ» የተባለው ግን ሌላ ነው፤ ላሟ በዋለችበት ሜዳ ላይ የጣለችው፣ ፀሐይ ራሷ ያደረቀችው። በእግር ጣታችን ገልበጥ እናደርገዋለን። ከሥሩ የገረጣ ሣር ተጣብቆበት ጢንዚዛ ከተርመሰመሰ ገና ነው፣ ለነገ ይቆያል። በጣት ሲመቱት እንደ ከበሮ ቆፍ ቆፍ ካለ ግን ወደ ኬሻው።

ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። በማለዳ ኬሻዬን ይዤ ወደለመድኩት ጨፌ ሄድኩ። ሣሩ ቁርጭምጭሚቴን ይሸፍናል። ኩበት ግን አንድም የለም። ጭቃው ላይ ያለው ሌሊት ሊግጥ የወጣ የጉማሬ ዱካ ብቻ ነው። ባዶ ኬሻዬን ይዤ ስመለስ አያቴ አልተቆጡኝም። «ከብቱ የት ነው የዋለው ብለሽ ጠይቀሻል?» አሉኝ። ለካ ጨፌው ከከተራ ወዲህ ተከልክሎ ኖሯል።

አባባሉ የተወለደው እንዲህ ካለ ጠዋት ነው ባይ ነኝ። ማስረጃዬ ቃሉ ራሱ ነው። «ላም በሌለበት» አላለም፣ «ባልዋለበት» ነው ያለው። ላሟ አለች። ኩበቱም አለ። የዋለችው ግን ሌላ ቦታ ነው፣ ያንን ደግሞ የወሰነው መንደሩ ነው። መጀመሪያ የተናገረችውም ሴት ትመስለኛለች። ዛፍ ሥር የሚነጋገሩት ወንዶች፣ ኩበት የምንለቅመው እኛ። ውሳኔውን ሳትሰማ ወጥታ ባዶዋን የተመለሰች ሴት ካልሆነች ማን «ባልዋለበት» ይላል?

ዛሬ ያ ጨፌ ብዙው ሩዝ ሆኗል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ ዳርቻውን ወሮታል። ላሞቹ የሚውሉበትን ለማወቅ ለባለቤቶቻቸውም ከብዷል።

ታዲያ አባባሉን ስንፍናን ወይም ዕድለ ቢስነትን መስደቢያ ማድረግ ምን ይባላል? ለቃሚዋ እኮ ሰነፍ አይደለችም፤ በማለዳ ተነስታ ወጥታለች። የጎደላት ወሬው ነው። እኚያ ሰውዬም ልጁ ላይ ከሚተርቱ ላሟ የዋለችበትን ቢነግሩት ምን ነበረበት? አያቴ በማግስቱ እጄን ይዘው እስከ ማዶ ወስደው አሳይተውኛል። የዚያን ቀን ኬሻው ሞልቶ ለሁለት ተሸክመነው ገባን።