ቀለምና ፕላስቲክን የሚያስማማው ሲላን

ኦርጋኖሲሊከን የሚባሉት ሲሊከንና ካርቦን የተያያዙባቸው ኬሚካሎች ናቸው። በፕላስቲክ ሥራ ውስጥ ከሚሰጡት ጥቅም አንዱ የቀለም ዱቄት በቀለጠው ፕላስቲክ ውስጥ እኩል እንዲበተን ማገዝ ነው። ከመካከላቸው ለዚህ ሥራ በብዛት የሚገቡት ሲላኖች ናቸው።

ጅማ ገበያ ገብታችሁ አንድ ሰማያዊ ሳፋ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋችሁ እዩት። አንዳንዱ ጥርት ያለ ነው። አንዳንዱ ላይ ግን ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦችና ዥንጉርጉር መስመሮች ይታያሉ። «ቀለሙ አንሶበት ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ ችግሩ የቀለሙ መጠን ሳይሆን በደንብ አለመበተኑ ነው። ቀለም መጨመር ደግሞ ወጪ ከማብዛት በቀር እምብዛም አይፈይድም።

ነጩን ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ እንውሰድ። አንዷ ቅንጣት ከ0.2 እስከ 0.3 ማይክሮሜትር ብቻ ናት። ገጽታዋ ውሃ ይወዳል፤ ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ ውሃ አይወዱም። ስለዚህ ቅንጣቶቹ ፕላስቲኩን ትተው እርስ በርሳቸው ይጓጉላሉ። የተጓጎለ ቀለም ብርሃንን በደንብ አይበትንም፣ ስለዚህም አይሸፍንም። ዕቃው ሲወድቅ ስንጥቁ ከዚያ ጓል ሊጀምር ይችላል።

ሲላን እዚህ መሃል ይገባል። ሞለኪውሉ ሁለት ጫፍ አለው። አንደኛው ጫፍ እርጥበት ሲያገኝ ሲላኖል ወደሚባል ቅርጽ ይለወጥና በቅንጣቷ ገጽ ላይ ካሉት ሃይድሮክሲሎች (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች) ጋር ይያያዛል። ሌላኛው፣ ለምሳሌ ኦክቲል የሚባለው የካርቦን ሰንሰለት፣ ቅባትነት ስላለው ወደ ፕላስቲኩ ያዘነብላል። የሚጨመረውም ብዙ አይደለም፤ በተለምዶ ከዱቄቱ ክብደት ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ነው። ከዚያ ካለፈ ያልተያያዘው ትርፍ ወደ ዕቃው ገጽ ይወጣል፤ ሕትመትም ሙጫም አልይዝ ይላል። ሥራው ላይ እያለ ኤታኖል ወይም ሜታኖል ይለቃል። ሜታኖል መርዝ ስለሆነ ክፍሉ አየር ማግኘት አለበት።

ሲላን ዝናው የጀመረው በቀለም አይደለም። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመስታወት ክርን ከፕላስቲክ ጋር ለማቆራኘት ነበር የተፈለገው።

ሁሉንም ቀለም ግን አይረዳም። ካርቦን ብላክ የሚባለው ጥቁር የቀለም ዱቄት ገጹ ላይ ያለው ሃይድሮክሲል ጥቂት ስለሆነ ሲላን የሚይዝበት አጥቶ ይቀራል። ጥቁር የውሃ ቱቦ ላይ ነጠብጣብ ከታየ መድኃኒቱ በጥሩ ሁኔታ የተዘጋጀ ማስተርባች (ቀለም በብዛት አስቀድሞ የተቀላቀለበት ፕላስቲክ) እና በቂ ማሸት ነው። ፕላስቲክ ውስጥ በመሙያነት ለሚገባው ነጭ ዱቄት፣ ለካልሲየም ካርቦኔትም ርካሹ ስቴሪክ አሲድ ይበቃል። ለሁሉም ነገር ሲላን የሚያዝ ሻጭ ካጋጠማችሁ ጠርጥሩት።

ጅማ ላይ ነገሩን የሚያጓጓ የሚያደርገው የቡና ገለባ ነው። ገለባው ሴሉሎስና ሊግኒን አለው፤ ሃይድሮክሲል ሞልቶታል። ስለዚህ ሲላን ይይዘዋል። ተፈጭቶ ከፕላስቲክ ጋር ሲቀላቀል ጣውላ መሰል ኮምፖዚት ይወጣዋል። መልኩ ቡናማ ስለሆነ ነጭ ማድረግ ከባድ ነው፤ ቀይና ቡናማ አይረን ኦክሳይድ ግን ያስማማዋል። የአይረን ኦክሳይድም ገጽ ለሲላን ምቹ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ የማቴሪያል ሳይንስና ኢንጂነሪንግ ትምህርት ስለሚሰጥ፣ ጥሬ ዕቃውም ባለሙያውም አንድ ከተማ ውስጥ ናቸው።

የሚያስቸግረው እርጥበቱ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። በደንብ ያልደረቀ ገለባ ማሽን ውስጥ ሲገባ እንፋሎቱ አረፋ ይሠራል። ክዳኑ ተከፍቶ ያደረ ሲላንም እርጥበት ስቦ እርስ በርሱ ይያያዝና ከጥቅም ውጪ ይሆናል።

በሲላን የታከመ ዱቄትን ለመለየት ቀላል ፍተሻ አለ። ውሃ በብርጭቆ ይቀዳና ጥቂት ዱቄት ላዩ ላይ ይነሰነሳል። ያልታከመው ረጥቦ ይሰምጣል፤ የታከመው ይንሳፈፋል። ሆኖም ሲሊኮን ዘይት ብቻ የተቀባም ይንሳፈፋል። በኬሚካል መያያዙን ለማወቅ ዱቄቱን ዘይት በሚያሟሟ ፈሳሽ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ውሃው ላይ እንደገና መነስነስ ነው።