«ሌባውን ሳታውቅ ማንን ልትከስ ነው?» ስለ ማንነት ስርቆት የሚባለውና እውነታው

ሌላ ሰው በእርስዎ ስም ብድር ወሰደ። ወይም በስልክ ቁጥርዎ ገብቶ ሒሳብዎን አራቆተ። ሐዋሳ ውስጥ፣ አቶቴም ይሁን ፒያሳ፣ ይህን ያወሩለት ሰው ሁሉ ምክር አያጣም። ከምክሩ ብዙው ግን ስህተት ነው፤ ተጎጂውን ደግሞ ይጎዳል።

«ሌባው ካልታወቀ ፖሊስ አይቀበልም»

ይቀበላል። ተጠርጣሪ መፈለግ የፖሊስ ሥራ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሌላን ሰው የኤሌክትሮኒክ ማንነት መረጃ ያለፈቃዱ መያዝን ራሱን በወንጀል ያስጠይቃል፤ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ነው። ስለዚህ ገንዘብ ባይወጣም ማመልከት ይችላሉ። መልእክቶቹን ግን እንዳያጠፉ። ያልጠየቁት የማረጋገጫ ቁጥር ሌሊት 8 ሰዓት ገብቶ ከሆነ፣ ያቺ ሰዓት ማስረጃ ናት።

«ትንሽ ይረጋጋና እሄዳለሁ»

እባክዎ አይጠብቁ። አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃ እንዲያቆዩ የሚያስገድደው ለ1 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የሌባው ዱካ ላይገኝ ይችላል።

«መጀመሪያ ባንክ፣ ሲሙ ይደርሳል»

ስልኩ ከተሰረቀ ወይም ኔትወርኩ ያለምክንያት ከጠፋ ሲሙን አስቀድመው ያዘጉ፤ የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚመጣው እዚያ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ቴሌብር 127፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951 ነው። ሰው ካለ ደግሞ በሌላ ስልክ ባንኩ ጋ ይደውልልዎ።

«በስሜ ስለሆነ ከፍዬ ልገላገል»

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውል የሚጸናው ተዋዋዮቹ ሲስማሙ ነው (ቁጥር 1678)። እርስዎ ያልተስማሙበት ብድር የእርስዎ ዕዳ አይደለም። ለሰላም ብለው ትንሽ ከከፈሉ ግን «ዕዳውን አምኗል» የሚል ክርክር ሊነሳብዎት ይችላል። ይልቅ «ይህን ብድር አልወሰድኩም» የሚል ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ይጻፉ። አንዱን የባንኩ መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉ። በእጅዎ የሚቀረው ቅጂ ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማህተም መኖሩን ሳያዩ ከመስኮቱ አይነሱ። «ነግረናቸው ነበር» ፍርድ ቤት ውስጥ ብዙ አያስኬድም፤ ማህተም ያለበት ወረቀት ግን ያስኬዳል። ለፖሊስ ያመለከቱበትን ማስረጃም አያይዙ።

«የፋይዳ ቁጥሬን አወቁ፣ አለቀልኝ»

አላለቀም። 12 አሃዙን ማወቅ ብቻውን እርስዎን አያደርጋቸውም። ለማንም የማይነገረው በስልክ የሚመጣው የማረጋገጫ ቁጥር ነው።

«ቢታሰርም ገንዘቤ አይመለስም»

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 ተጎጂው የካሳ ጥያቄውን ከወንጀል ክሱ ጋር አጣምሮ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ዐቃቤ ሕጉን ቀድመው ያነጋግሩ፤ የጉዳትዎን ዝርዝር ከደረሰኞቹ ጋር ይስጡት።