ማይክሮፕላስቲክ ምንድን ነው? ጉበት ውስጥስ ገብቶ ምን ያደርጋል?

ባለፈው ረመዳን ደሴ ፒያሳ አካባቢ ለማፍጠሪያ ሾርባ ልገዛ ቆሜያለሁ፣ ልጅቷ ከድስቱ እየጨለፈች ቀጭን ፌስታል ውስጥ ትሞላና ጫፉን ጠምዘዝ አርጋ ትቋጥረዋለች፣ ሾርባው ገና እየተንተከተከ ነው፣ ፌስታሉ ወዲያው ልፍስፍስ ብሎ እጄን ለበለበኝ። ቤት ስገባ እማዬ ቋጠሮውን እየፈታች «ይሄ ላስቲክ ቀልጦ ሆድ ቢገባ ምን ይሆናል?» አለችኝ። «አብሽሪ እማ ምንም አይልም» ብዬ አለፍኩ ግን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ።

ማይክሮፕላስቲክ ማለት ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ የፕላስቲክ ስብርባሪ ነው፣ ከምስር ፍሬ ጀምራችሁ ወደታች አስቡት። ቃሉን ያስታወቀው ሪቻርድ ቶምፕሰን የሚባል የእንግሊዝ ተመራማሪ ነው፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ባህር ዳርቻ አሸዋ ውስጥ ስላገኘው ጽፎ። ከማይክሮሜትር ማለትም ከሚሊሜትር 1 ሺኛ ካነሰ ደግሞ ናኖፕላስቲክ ይባላል። ፕላስቲክ እንደ እንጨት አይበሰብስም፣ ይሰባበራል እንጂ። ቆርቆሮ ላይ ፀሀይ ሲመታው የከረመ ማዳበሪያ አንስታችሁ ታውቃላችሁ? እጅ ላይ እንደ ገለባ ፍርፍር ይላል፣ ልብስ ላይ ይለጠፋል፣ በቃ እሱ ነው። ፍርፋሪው ንፋስ ይዞት አፈር ይገባል፣ ከዛ ውሃ፣ ከዛ እኛ።

እሺ ጉበት ምን አገባው? ከአንጀት የሚወጣው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም፣ ፖርታል ቬን በሚባል ደም ስር መጀመሪያ ጉበት ይገባል። ከጅቡቲ የመጣ መኪና ኮምቦልቻ ሳይደርስ ሚሌ ላይ እንደሚፈተሸው በሉት። የጉበት ፈታሾች ኩፕፈር ሴል ይባላሉ፣ ባዕድ ነገር ሲያዩ ይውጣሉ፣ ባክቴሪያ ከሆነ ፈጭተው ይጨርሱታል፣ ፕላስቲክ ከሆነ ግን መፍጨት አይችሉም፣ ይዘውት ይቀመጣሉ ወይ ወደ ሐሞት ይገፉታል። ደግነቱ የምንውጠው ሁሉ እዛ አይደርስም። የአለም ጤና ድርጅት በ2019 እንዳለው ከ150 ማይክሮሜትር የሚበልጠው ወደ ሰውነት የመግባት እድሉ ትንሽ ነው፣ በሰገራ ይወጣል። አሳሳቢው በአይን የማይታየው ነው። በ2016 ቻይና ውስጥ ዚብራፊሽ በምትባል ትንሽ አሳ ላይ ሲሞከር 20 ማይክሮሜትሩ አንጀትና ስንጥብ ላይ ቀረ፣ 5 ማይክሮሜትሩ ግን ጉበት ድረስ ገባ፣ ጉበቷም ተቆጣ፣ ስብም አጠራቀመ። አይጥ ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ግን ያው አይጦቹ የሚሰጣቸው ብዙውን ጊዜ እኛ ከምናገኘው እጅግ የበለጠ መጠን ነው፣ ያውም ላብራቶሪ የተሰራ ድቡልቡል ፕላስቲክ።

ሰው ላይስ? እዚህ ጋ ነው ሰው የሚደነባበረው። በ2022 ሀምቡርግ ጀርመን ሲሮሲስ ያለባቸው (ጉበታቸው የጠጠረ) 6 ሰዎች ጉበት ሲመረመር ፕላስቲክ ተገኘ፣ የጉበት በሽታ የሌለባቸው 5 ሰዎች ላይ አልተገኘም። ይሄን ያየ ሁሉ «ፕላስቲክ ጉበት ያጠጥራል» ብሎ ለጠፈ። ኧረ ቀስ! 11 ሰው ነው፣ ደግሞ ጉበቱ ቀድሞ ስለታመመ ፕላስቲኩን ማስወጣት አቅቶት ሊሆን ይችላል፣ የቱ እንደቀደመ ጥናቱ አይነግርም። በ2025 ደግሞ የኒው ሜክሲኮ ተመራማሪዎች በ2024 የተወሰደ ጉበት ውስጥ በ2016 ከተወሰደው የበለጠ ፕላስቲክ አገኘን አሉ። ሌሎች ሳይንቲስቶች ወዲያው ጥያቄ አነሱ፣ መለኪያው ናሙናውን አቃጥሎ ጋዙን ነው የሚያየው፣ ስብ ሲቃጠል ደግሞ ፖሊኢትሊን (ፌስታል የሚሰራበት) የሚመስል ምልክት ይሰጣል፣ ጉበት ላይ ስብ አይጠፋም። ስለዚህ ቁጥሩን በጥርጣሬ ያዙት፣ መግባቱን ግን እኔ አምኛለሁ።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው፣ «ማይክሮፕላስቲክን ከጉበት የሚያጥብ ሻይ» እያሉ የሚሸጡት። እንደዛ የሚያደርግ የተረጋገጠ መድሃኒት የለም። አይኑ ቢጫ የሆነ ሰው የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ስር ሲጨመቅለት የሚከርምበት አገር ላይ ሄፓታይተስ ቢ ሳይመረመሩ ስለ ሃይላንድ መጨነቅ ትንሽ ያስቃል፣ ቢ ጉበት እንደሚያጠጥርና ካንሰር እንደሚያመጣ እኮ ምንም ክርክር የለበትም።

ይሁንና የሚቀነሰውን መቀነስ አይከፋም። ፕላስቲክ የሚፈታው ሲሞቅ ነው፣ ቅባት ሲጨመር ደግሞ ውስጡ ያለው ኬሚካልም አብሮ ይወጣል፣ ስለዚህ የሚያቃጥል ሾርባ፣ ትኩስ ወጥ፣ የፈላ ሻይ ፌስታልና ሃይላንድ ውስጥ አይግባ። በፀሀይ የነጣ፣ ውስጡ የተፋቀ ጀሪካን ካለ ለእጣቢ ይሁን። ውሃ ማፍላትም ይረዳል፣ ቻይና በ2024 እንደታየው ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚሰራ አይነት ውሃ ሲፈላ ቅርፊቱ ፕላስቲኩን ይዞት ይቀራል፣ እስከ 90 በመቶ ድረስ፣ ቅርፊት በማይሰራ ውሃ ግን ወደ 25 በመቶ ብቻ ነው። ሲቀዘቅዝ ማጥለል ነው፣ ማንቆርቆሪያው ፕላስቲክ ካልሆነ ማለቴ ነው።

በነጋታው እማዬ ክዳን ያለውን የብረት ምሳ እቃ አስይዛ ላከችኝ። ሾርባ ሻጯ አየችውና «ፌስታል ተረፈልኝ» ብላ አንድ ጭልፋ ጨመረችልኝ።