በስፓኒሽ «ግዛ» እና «ይግዙ» ማለት

ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ውስጥ ለጓደኛህ «ማንጎ ግዛ» ትላለህ። ለትልቅ ሰው ግን «ይግዙ» ነው። ስፓኒሽም እንዲሁ ይለያል።

«መግዛት» ኮምፕራር ነው፤ «እሱ ይገዛል» ደግሞ ኮምፕራ። ጀማሪን የሚያደናግረው፣ ለቅርብ ሰው ስታዝም ያው ቃል ሳይነካ መምጣቱ ነው፦ ኮምፕራ! ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ «ግዢ» የሚባል ሌላ መልክ የለውም። ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው።

ለአክብሮት መጨረሻው ይገለበጣል። በ«አር» የሚያልቀው ግስ «ኤ» ይይዛል፦ ኮምፕሬ። በ«ኤር» እና በ«ኢር» የሚያልቁት «ኣ» ይይዛሉ። ኮሜ (ብላ) ኮማ (ይብሉ) ይሆናል፤ አብሬ (ክፈት) ደግሞ አብራ (ይክፈቱ)።

ለብዙ ሰው «ን» ጨምር፦ ኮምፕሬን። ስፔን ውስጥ ግን ለጓደኞች ኮምፕራድ ይባላል።

«ግዛው» ስትል «ሎ» ልክ እንደኛው «ው» ከኋላ ይለጠፋል፦ ኮምፕራሎ። ስትናገር «ኮም» ላይ ጠበቅ አድርግ።