በደሴና በኮምቦልቻ ሰውንና እንስሳትን የሚያጠቁ የፈንገስ በሽታዎች

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሐረጎን መንገድ ይዘው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርዱ ኮምቦልቻ ይገኛል፤ ከፍታው 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፣ አየሩም ሞቅ ይላል። ልዩነቱ ለጋሪ ፈረስ ቀላል አይደለም። ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይትስ የተባለው የፈረስና የበቅሎ በሽታ በአገራችን በብዛት የሚታየው ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ባለው ሞቃትና እርጥበታማ አካባቢ ነውና።

በሽታውን የሚያመጣው የሂስቶፕላዝማ ፈንገስ በቁስል በኩል ይገባል። የመጎተቻው ጠፍር የላጠው ቆዳ ይበቃዋል፤ ዝንብም ከፈረስ ፈረስ ታዛምተዋለች። እግርና አንገት ላይ በመስመር የተደረደሩ እብጠቶች ይወጣሉ፣ መግል ይይዛሉ፣ ይፈርጣሉ። ሕክምናው ረጅም ነው፤ ሲከፋ ደግሞ ፈረሱ ሥራ ያቆማል፣ ባለጋሪውም እንጀራው ይቋረጣል። ወደ ሰው መተላለፉ ግን እጅግ ብርቅ ነው።

ከከብት ወደ ሰው በቀላሉ የሚሻገረው ጭርት ነው። ጥጃው ዓይኑ ዙሪያና አንገቱ ላይ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ቦታው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጥጃውን የሚያስረው ልጅ ክንዱ ላይ ክብ ነገር ይወጣበታል፤ ጠርዙ ቀልቶ ይቀረፋል፣ መሐሉ እየጠራ ይሄዳል። ያሳክካል። ብዙ ሰው ታዲያ ከፋርማሲ ቤታሜታሶን የተባለውን፣ ማሳከክ የሚያስታግስ እንጂ ፈንገስ የማይገድል ቅባት ገዝቶ ይቀባል። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ማሳከኩ ለጊዜው ጋብ ይላል፣ ፈንገሱ ግን ይስፋፋል፤ መልኩም ስለሚለወጥ ሐኪም እንኳ ለመለየት ይቸገራል።

የልጆች የራስ ቆረቆር በአብዛኛው ከሰው ወደ ሰው የሚሄድ ነው። በማበጠሪያ፣ በኮፍያና ባልጸዳ የፀጉር ማሽን ይዛመታል። ፈንገሱ ፀጉሩ ሥር ስለሚገባ ቅባት ብቻውን አያድነውም። ግሪሲዮፉልቪን የተባለው ክኒን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ሰውነት ይበልጥ ይቀበለዋል።

በሥጋ ደዌ ሕክምና የሚታወቀው የደሴው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል። ለእንስሳት ኮምቦልቻ ላይ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሐኪሞችን ያሠለጥናል። ልጅ በጭርት ሲታከም ቤት ውስጥ ጥጃ ካለ አብሮ መታየት አለበት። ጥጃው በወራት ውስጥ በራሱ ሊድን ይችላል፤ የፈንገሱ ዘር ግን በረቱ ግድግዳና ማሰሪያ ላይ ከዓመት በላይ ይቆያል። ስለዚህ በረቱ ይጸዳል፣ ፀሐይ እንዲገባው ይደረጋል፣ የታመመው ጥጃም ለብቻው ይታሰራል።