የሆስፒታሎች የአደጋ ተጋላጭነት ግምገማ

ጠዋት 12 ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1971 ከሎስ አንጀለስ በስተ ሰሜን ያለው የሳን ፈርናንዶ ሸለቆ በመሬት መንቀጥቀጥ ተናጠ። እዚያ ያለው የኦሊቭ ቪው ሆስፒታል አዲስ ሕንፃ ገና የቀለሙ ሽታ አልለቀቀውም ነበር። ታማሚዎች ከገቡበት ሳምንታት ቢሆናቸው ነው። ከአራቱ የደረጃ ማማዎች ሦስቱ ከዋናው ሕንፃ ተገንጥለው ተጋደሙ። የአምቡላንስ ማቆሚያው ጣራ አምቡላንሶቹን ጨፈለቃቸው። በሆስፒታሉ ሦስት ሰው ሞተ። አንዱ ሠራተኛ ነው፤ ለመውጣት ሲሞክር ፍርስራሽ መታው። ሁለቱን ግን ድንጋይ አልነካቸውም። ሕይወታቸው በመሣሪያ የተያዘ ታማሚዎች ነበሩ፤ መብራት ሲጠፋ መሣሪያው ቆመ።

የጤና ተቋማት የተጋላጭነት ግምገማ የሚባለው ሥራ እንዲህ ያለውን ነገር ከመድረሱ በፊት ፈልጎ ለማግኘት የሚደረግ ነው። ሌላ ሕንፃ ሰው ሳይገድል ከቆመ ተመስገን ይባላል። ሆስፒታል ግን ቆሞ መቅረቱ አይበቃም፤ ያን ዕለት ከወትሮው በላይ መሥራት አለበት። አደጋ በደረሰ ሰዓት ከተማው ሁሉ የሚሮጠው ወደዚያ ነው።

ግምገማው ሦስት ነገር ያያል። መጀመሪያ የሕንፃውን አጥንት፣ ማለትም መሠረቱን፣ ዓምዱንና ወለሉን። ቀጥሎ በሕንፃው ውስጥ ያለውን ሁሉ፦ ኮርኒሱን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን፣ የውሃና የኦክስጅን ቧንቧውን፣ ሊፍቱን፣ መደርደሪያውን። ሦስተኛው ሰውና አሠራር ነው። ለአንድ ሆስፒታል ከሚወጣው ገንዘብ አብዛኛው የሚሄደው ለሁለተኛው ነው፤ ቶሎ የሚረሳውም እሱ ነው።

ለዚህ ደግሞ ምስክሩ ያው ኦሊቭ ቪው ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ የሆስፒታሎች የመሬት መንቀጥቀጥ ሕግ አወጣች። የተጎዳው ሕንፃ ፈርሶ በቦታው በብረት የተጠናከረ ሌላ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በጃንዩዋሪ 1994 መጠኑ 6.7 የተለካው የኖርዝሪጅ መንቀጥቀጥ መጣ። አዲሱ ሕንፃ ፍንክች አላለም፤ መሐንዲሶቹ ሊኮሩ ይገባቸዋል። ግን የእሳት ማጥፊያው የውሃ መስመርና ሌሎች ቧንቧዎች ተሰበሩ። ውሃው ክፍሎቹን አጥለቀለቀ። ታማሚዎቹ ወደ ሌላ ቦታ ተወሰዱ። አጥንቱ ደህና ነበር፤ ሆስፒታሉን ያስወጣው ቧንቧ ነው።

ዛሬ ብዙ አገሮች የሚጠቀሙበት መለኪያ የሆስፒታል ደህንነት ኢንዴክስ ይባላል። የፓን አሜሪካ የጤና ድርጅት ያዘጋጀው ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የሜክሲኮ ሲቲ መንቀጥቀጥ የኋሬዝ ሆስፒታልን ሕንፃ ከነታማሚዎቹና ከነሐኪሞቹ ከደረመሰው ወዲህ፣ አህጉሩ ይህን ጉዳይ እንደ ዋዛ አላየውም። የዓለም የጤና ድርጅት መለኪያውን አሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ2015 ዳግም አወጣው። 151 የሚታዩ ነጥቦች አሉት። መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ አስተዳዳሪና የጥገና ባለሙያ ያሉበት ቡድን እየዞረ እያንዳንዱን ነጥብ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ እያለ ይሞላል። ውጤቱ በሦስት ይከፈላል። «ኤ» ያገኘ በአደጋ ጊዜ ሥራውን ይቀጥላል ተብሎ ይገመታል። «ቢ» ሕንፃው ባይወድቅም አገልግሎቱ ያሰጋል። «ሲ» ከሆነ የታማሚውም የሠራተኛውም ሕይወት አደጋ ላይ ነው።

ነጥቡ ለማወዳደር ይጠቅማል። ለእኔ ግን የሥራው ጣዕም ያለው በጥያቄዎቹ ላይ ነው። የውኃ ታንከሩ ስንት ቀን ያዘልቃል? ጄኔሬተሩ የትኛውን ክፍል ያበራል፣ የትኛውን ይተዋል? የጄኔሬተር ክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰው ቅዳሜ ሌሊት የት ነው ያለው?

ይህ ጥያቄ ቀልድ የሚመስለው ሰው እ.ኤ.አ. በ2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል ኒው ዮርክን ሲመታ የሆነውን ይመልከት። ቤልቪው ሆስፒታል ጄኔሬተሮቹን 13ኛ ፎቅ ላይ አስቀምጦ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው። ነዳጁን ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ግን ምድር ቤት ነበር፤ ጎርፉ ዋጠው። ሠራተኞች በደረጃው ላይ ተሰልፈው ነዳጅ በእጅ እየተቀባበሉ 13 ፎቅ አወጡ። አጠገቡ ባለው ላንጎን ሆስፒታልም መብራት ጠፋ። ነርሶች የሚተነፍሱት በመሣሪያ የነበሩትን ጨቅላዎች አቅፈው፣ አየር በእጃቸው እየጨመቁ እየሰጧቸው፣ ከ9ኛ ፎቅ በጨለማ ደረጃ ወረዱ።

ወደ እኛ ስንመጣ ስጋቱ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ አይደለም። በ1953 ዓ.ም በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። በ1998 ዓ.ም ክረምት ድሬዳዋን ሌሊት የመታው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። በ2017 ዓ.ም ታኅሣሥ የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ሲያወዛውዝ፣ ብዙ ሰው በሌሊት ልብሱ ደጅ ወጥቷል። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ የተኛ ሰው ግን ደጅ አይወጣም።

ዕቅድ መጻፍ ብቻውን ብዙ አያስኬድም። የስልክ ዝርዝሩ ላይ ያለው ሰው ሥራ ከለቀቀ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ልምምድ የሚያስፈልገው፤ በተለይ የሌሊት ተረኞች ብቻ ባሉበት ሰዓት። በአንድ ጊዜ መቶ ቁስለኛ ቢመጣ በየትኛው በር ይገባል? ትሪያጁን፣ ማለትም ቁስለኞቹን እንደ ጉዳታቸው ክብደት የመለየቱን ሥራ፣ ማን ይይዛል? ነርሷ የገዛ ልጆቿ ደህና መሆናቸውን ሳታውቅ ስንት ሰዓት ልትሠራ ትችላለች?

ሕንፃ ማጠናከር ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ዓመታትም ይወስዳል። ከግምገማው ዝርዝር ውስጥ ግን ነገ ጠዋት የሚሠራም አለ። የኦክስጅን ሲሊንደሮቹን በሰንሰለት ከግድግዳ ማሰር። የመድኃኒት መደርደሪያውን በቡሎን መያዝ። ጄኔሬተሩን በወር አንዴ አስነስቶ፣ ባዶውን ሳይሆን ጭነት ሰጥቶ ማየት። የመውጫው ኮሪደር ላይ የተከመሩትን አሮጌ አልጋዎች ማንሳት።