መስማት ለተሳናቸው የሚሰጥ የአእምሮ ጤና አገልግሎት

በአእምሮ ሕክምና ዋናው የምርመራ መሣሪያ ንግግር ነው። ሐኪሙ ታካሚው ያለውን ብቻ ሳይሆን አነጋገሩንም ይከታተላል፤ ሐሳቡ ይያያዛል? ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል? ታካሚው በምልክት ቋንቋ የሚያወራ ከሆነና ሐኪሙ ቋንቋውን ካላወቀ ምርመራው ገና ከጅምሩ ይሰናከላል። መስማት ለተሳናቸው ብቻ የተለየ አገልግሎት በኒው ዮርክ በ1955፣ በእንግሊዝ ዊቲንግሃም ሆስፒታል ደግሞ በ1968 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል።

የተለመደው ስሕተት ወረቀትና እስክሪብቶ ማቀበል ነው። የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ስላለው በእሱ ያደገ ሰው ሲጽፍ የቃላቱ ቅደም ተከተል ሊለይ ይችላል፤ ይህም የሐሳብ መዛባት ተብሎ ይመዘገብበታል። ከንፈር ማንበብም አያስተማምንም፤ «በራ» እና «መራ» ለዓይን አንድ ናቸው።

መስማት ከተሳናቸው ሕፃናት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ቤት ውስጥ ምልክት የሚያውቅ ከሌለ ልጁ አንድም ቋንቋ ሳይሞላለት ሊያድግ ይችላል። ካደገ በኋላ «መቼ ጀመረህ?» ሲባል የሆነውን በተራ መተረክ ያቅተዋል። ይህ የቋንቋ እጦት ነው፤ ስኪዞፍሬኒያ (ሐሳብንና ከእውነታ ጋር ያለን ግንኙነት የሚያዛባ የአእምሮ ሕመም) ብሎ መሰየም ለዓመታት የማያስፈልግ መድኃኒት ማስዋጥ ነው። እዚህ ላይ ራሱ መስማት የተሳነው አስተርጓሚ ይጨመራል፤ በሥዕል፣ በቀን መቁጠሪያ፣ በድርጊትም ጭምር ያግባባል። የሌለ ድምፅ መስማትን ለመለየት የሚቀርበው «ድምፅ ይሰማሃል?» የሚለው ጥያቄም እንዳለ አይሠራም፤ ሲወለድ ጀምሮ የማይሰማ ታካሚ በአየር ላይ ምልክት የሚሠሩ እጆች ወይም የሚንቀሳቀሱ ከንፈሮች ይታዩኛል ሊል ይችላል።

አስተርጓሚው ከሐኪሙ ጎን፣ ጥቂት ወደ ኋላ ብሎ ይቀመጣል። ከጀርባቸው መስኮት ካለ ፊትና እጃቸው ይጨልማል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ከተሠራ በኋላ ድካሙ ስሕተት ስለሚያመጣ ረጅም ቀጠሮ ሁለት አስተርጓሚ ይፈልጋል። ሐኪሙ «እስቲ ጠይቀው» አይልም፤ ታካሚውን እያየ ራሱን ያናግረዋል። ልጅ ለወላጁ አያስተረጉምም፤ ራሴን ላጥፋ ብሎ ማሰቡን በልጁ እጅ የሚያስተላልፍ ወላጅ ከየት ይገኛል?

ለስሜት መዋዠቅ ሕመም የሚሰጠው ሊቲየም እጅ ያንቀጠቅጣል፤ አንዳንድ የሳይኮሲስ (ከእውነታ የመለየት ሕመም) መድኃኒቶች ጡንቻ ያደርቃሉ። በምልክት ለሚያወራ ሰው ይህ ምላስ እንደ መተሳሰር ነው። ታካሚውን ለመቆጣጠር ተብሎ ሁለት እጁን ማሰር ደግሞ አፉን መለጎም ነው።

በዕድሜ ምክንያት መስማት የቀነሰባቸው ሰዎች በቃል የሚሰጥ የማስታወስ ፈተና ጥያቄውን ሳይሰሙት ይወድቁና የመርሳት በሽታ አለባቸው ይባላል። ከፈተናው በፊት የማዳመጫ መሣሪያውን ባትሪ ማየት ይቀድማል። መጮህ አይረዳም፤ የከንፈርን ቅርጽ ያዛባል።